ስኳር ለማይታወቁ ጎረቤቶች

ከዊዳድ ስልክ የወጣው የወንድ ድምፅ ሃሊሞ ዓብዱልአዚዝን ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ፣ የጎረቤቶቿን ድርሻ በልታለች አለ። ሃሊሞ ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ቁጢጥ ብላ ከቢጫው ጀሪካን ወደ ሳፋው ውሃ እየቀዳች ነበር፤ እጇ ባለበት ቆመ። ከቀበሌና ከጤና ጣቢያ ሰዎች በቀር ስሟን እንዲህ አሟልቶ የሚጠራት የለም። ድምፁ ጨዋ ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው አይቸኩልም፣ አይቆጣም። «ደንበኛችን ወይዘሮ ሃሊሞ ዓብዱልአዚዝ፣ በስምዎ የተመዘገበው ድረ ገጽ በጋራ ሰርቨሩ ላይ ያሉ ጎረቤቶቹን ድርሻ እየበላ በመሆኑ፣ ጎረቤቶችም በማማረራቸው፣ ከአሁን ጀምሮ ተዘግቷል። እስከ ነገ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ንብረትዎን ካላወጡ ይሰረዛል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።» መልእክቱ ትናንት ማታ በቴሌግራም የገባ ነው። ዊዳድ ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ በሦስተኛው ላይ «እናመሰግናለን» ሳይል አቋረጠችው።

ሃሊሞ መጋረጃውን ገለጠች። ልጇ ዊዳድ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሰማያዊ ጋውን ለብሳ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ባዶውን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ስሜን ጠራ» አለች ሃሊሞ።

«መዝገቡ ላይ ያለው ያንቺ ስም ስለሆነ ነው፣ ሆዮ። ያኔ እኔ መታወቂያ አልነበረኝማ። የተናገረው እኔን ነው» አለች ዊዳድ፤ እናቷን በሶማሊኛ «ሆዮ» ነው የምትላት።

«ማንን ነው የበላነው?»

ዊዳድ ሰዓቷን አየች። የፋብሪካው ሰርቪስ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ከአስፋልቱ ያነሳታል፤ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ጫማዋን እያሰረች ቶሎ ቶሎ አስረዳቻት። ድረ ገጽ ቤት ይፈልጋል፤ ቤቱ ሰርቨር የሚባል ማሽን ነው። እነሱ በወር ሦስት መቶ ብር የሚከፍሉበት ማሽን እንደ ግቢያቸው ነው፣ ብዙ ተከራይ፣ አንድ ሮቶ። አንዱ ውሃውን ሲያበዛ የሌላው ቧንቧ ይደርቃል። አሁን ጊዜው ደርሷል፣ መውጣት አለባቸው፤ ቪፒኤስ ወደሚባለው። እሱም ማሽኑ የጋራ ነው፣ ግን በግድግዳ የተከፈለ ነው፣ ለየራስ ሮቶ፣ ለየራስ ቁልፍ። ሃሊሞ ሁሉንም ቃል ሰማች፤ ከሁሉም ውስጥ የያዘችው ግን የሮቶውን ነገር ብቻ ነው። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ከበዳት።

ዊዳድ የፓስታ ካርቶን ቀድዳ ሦስት መስመር ጻፈችበት፣ ሁለተኛውን በእስክሪብቶ ከበበችው፣ ጠረጴዛው ላይ ጥላው ቁርስ ሳትቀምስ ሮጠች። ሰርቪሱ ከሩቅ ጥሩምባውን ነፋ።

እነዚህ እናትና ልጅ ብዙ አያወሩም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ነገር ጨው አለ፣ ጨው የለም፣ ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ ነው። የሚያገናኛቸው ትልቁ ነገር የብስኩት ቆርቆሮው ነው። ሃሊሞ መጋላ ሰፈር ውስጥ በግቢው ደጃፍ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ። በድሬ መንገድ ላይ መታወቂያ ያገኘ ሰው ቅርብ ያለው ሱቅ ያስቀምጠዋል፣ የጠፋበትም ሱቅ ለሱቅ ይጠይቃል። ሃሊሞ ማንበብ ስለማትችል የመጣላትን ሁሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከተው ነበር፤ ፈላጊ ሲመጣ በፎቶው ታመሳስላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ዊዳድ ቆርቆሮውን ምንጣፍ ላይ ገልብጣ፣ አንድ በአንድ ስም መዝግባ «ተገኝቷል» የሚል ድረ ገጽ ሠራች፤ የማን ወረቀት በየትኛው ሱቅ እንዳለ የሚናገር። መጀመሪያ የመጋላ ሱቆች፣ ከዚያ የሐረር፣ የጅግጅጋ፣ የደወሌ ሱቆች ገቡበት። አሁን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስም አለው።

ሃሊሞም የዛን ሰሞን ቀበሌው ለጎልማሶች በከፈተው ትምህርት ገባች። የክፍሉ መጽሐፍ ስለ ጤፍና ስለ በሬ ይናገራል፤ እሷ ግን ፊደሉን ቤት የለመደችው ከቆርቆሮው ነው፣ ከጠፉ ሰዎች ስም። ጣቷን ከስሙ ስር አድርጋ ትሄዳለች። አስተማሪዋ አንድ ሕግ አላት፤ የጀመሩትን ገጽ ሳይጨርሱ ቀና ማለት የለም፣ ጣራው ቢወድቅም። ሃሊሞ ይህን ሕግ ከሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ አጥብቃ ይዛዋለች። ሌሎቹ ደጅ ድምፅ ሲሰሙ ዞር ይላሉ፤ እሷ አንድ ጊዜ ዞር ካለች መስመሩ ይጠፋትና ከላይ መጀመር አለባት።

ካርቶኑን ይዛ ወደ ሱቋ ሄደች፤ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተቀምጣ አነበበችው። አንደኛው መስመር፣ ሁለት ጊጋ፣ ራስን በራስ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ሁለተኛው፣ የተከበበው፣ ስምንት ጊጋ፣ ራስን በራስ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ሦስተኛው፣ ሁለት ጊጋ፣ ጠባቂ ያለው፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ፊደሉ ሁሉ ተነበበላት፤ ነገሩ ግን አልገባትም። ጊጋ ምንድነው? ስምንቱ ከሁለቱ ይሻላል? ጠባቂው የሚጠብቀው ምኑን ነው? ማንበብ መቻል እንደ መብራት ነው ሲሏት ነበር፤ እዚህ ግን መብራቱ በርቶ ክፍሉ የማን እንደሆነ አልታወቃትም።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ቀጭን ልጅ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣች። ደሄቦ እባላለሁ አለች። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ መኪና ላይ ከጠፋባት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ነገ ጠዋት ፓርኩ በር ላይ ዋናውን ወረቀት ይዛ ካልተገኘች ስሟ ከተቀጣሪዎቹ ዝርዝር ይወጣል። ትናንት ማታ «ተገኝቷል» ላይ ስሟን አይታዋለች።

«በዓይኔ አየሁት፣ ወላሂ። የትኛው ሱቅ እንዳለ ለማየት ወደ ታች ስገፋው ገጹ ነጭ ሆነ። ዛሬም ነጭ ነው። አንቺ ዘንድ ነው?»

ሃሊሞ ቆርቆሮውን ገለበጠች፣ ሁለቱም አንድ በአንድ አዩ። የለም።

«ማታ ነይ» አለቻት። «ልጄ ማታ ትመልሰዋለች።»

«ከመለሰችው በኋላ ሐረር ወይ ጅግጅጋ ቢሆንስ? በምን ሰዓት እደርሳለሁ?»

ሃሊሞ ወረቀቶቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ሁለት እጇን አድርጋ ትንሽ ቆመችና ሄደች። ያን ጊዜ ደረቷ ላይ የነበረው ክብደት ስም አገኘ፤ ነውር ነው። ሰው ወረቀቱን ያጣው እነሱ ድርሻ ስለበሉ ነው። በግቢያቸው አምስት ቤት አለ። ውሃ በመጣ ቀን ለእያንዳንዱ ሁለት ጀሪካን ነው፤ ልብስ በዝቶበት ወይ እንግዳ መጥቶበት ሦስተኛ የቀዳ ሰው፣ ሳይጠየቅ ስኳር ይዞ የየቤቱን በር ያንኳኳል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ስኳሩን የተቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ ስለዚያ ውሃ አያነሳም፤ ያነሳ እንደሆነ ነውሩ ወደ እሱ ይዞራል። ሃሊሞ ሁለት ኪሎ መዘነች፤ ኪሎው መቶ ስልሳ ብር የሚሸጥ ስኳር ነው። ከዚያ የግቢያቸውን ሴት፣ የምድር ባቡሩን ጡረተኛ ሚስት ትርንጎን ሱቅ እንድትጠብቅላት ጠራቻት።

«ለማን ነው?» አለች ትርንጎ።

«ለኢንተርኔቱ ጎረቤቶች።»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ሃሊሞ፣ ሙቀቱ ገና ሳይጀምር አናትሽ ዞረ?»

«አማረሩ አለ ሰውየው። ስሜን ጠርቶ።»

«በይ ሂጂ» አለች ትርንጎ ሳቋን ውጣ። «አንቺ የጠፋ ሰው የምታገኚ ሴት ነሽ፣ ያልታየ ጎረቤት አያቅትሽም። ግን ቶሎ በይ አቦ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከዚራ በሩን ዘግቶ ይተኛል።»

የወሩ ክፍያ ደረሰኝ ማኅተም ላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብባ ለባጃጁ ሹፌር ነገረችው። የደረቀውን ወንዝ ተሻግረው ዛፎቹ ጥላ ወደሚጥሉበት ወደ ከዚራ ሰፈር ገቡ፤ ኮንትራት ሰማንያ ብር አስከፈላት። ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ሃሊሞ በልቧ ትልቅ ሕንጻ፣ በረንዳው ላይ የተሰለፉ የተቆጡ ሰዎች ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ሁለት ወንበር፣ አንድ የሚንጫጫ ቬንትሌተርና ሸሚዙን እስከ ደረቱ የከፈተ ወጣት ነው። ይሳቅ ይባላል፤ የአዲስ አበባው ድርጅት ወኪል ነው።

«እናቴ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ። ፎቶ ኮፒ በዛ በኩል ነው።»

«ሃሊሞ ዓብዱልአዚዝ እባላለሁ» አለችና ሁለቱን የስኳር ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ድርሻ የበላችው። ጎረቤቶቹን ጥራልኝ፣ አፉ በሉን ልበላቸው።»

ይሳቅ ስኳሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገ። «ኧረ እናቴ! ሰው ቢያይ ጉቦ ነው የሚለው።»

«ላንተ መች ሆነና? ለእነሱ ነው።»

ሳቀ። ሳቁ እንዳልተጋባባት ሲያይ አቆመ። «እዚህ ጎረቤት የለም። ማሽኑም እዚህ የለም። ጀርመን ነው ያለው።»

«ጎረቤቶቹ ጀርመኖች ናቸው?»

«አይደሉም። አንዱ ሐዋሳ ያለ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አንዱ የሠርግ አዳራሽ ነው፣ አንዱ ናይሮቢ ጫማ ይሸጣል። ሦስት መቶ ገደማ ናቸው።»

«ይተዋወቃሉ?»

«የት ተገናኝተው?»

«ካንድ ሮቶ እየጠጡ አይተዋወቁም?» አለች ሃሊሞ። ጥያቄው ለእሱ አልነበረም። ሦስት መቶ ቤት፣ አንድ ውሃ፣ ማንም የማንንም በር የማያውቅበት ግቢ በዓይኗ ልታመጣው ሞከረች፤ አልመጣላትም። «እሺ፣ ያማረረው የትኛው ነው? የጥርስ ሐኪሙ ነው? ለእሱ ደውልልኝ።»

ይሳቅ ሊመልስ ነበር፤ ከዚያ ዞሮ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ማንም የለም» አለ።

«ሰውየው አማረሩ አለ እኮ።»

«ለሁሉም የሚላክ መልእክት ነው፣ እናቴ። ስም ብቻ ነው የሚቀየርበት። ማሽኑ መጠን ያለፈውን ራሱ ይዘጋል፤ ማን አማረረ፣ ለምን በዛ ብሎ አይጠይቅም።»

ሃሊሞ እፎይ ማለት እንዳለባት አወቀች፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። ከንጋት ጀምሮ ያፈረቻቸው ሰዎች ምንም አላሉም። ድርጅቱ ነው ስሟን አንስቶ በባዶ ቤት ውስጥ የጮኸበት። ግቢያቸው ውስጥም እንዲህ ሆኖ ያውቃል፤ አከራዩ የውሃ ቆጣሪው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያንኳኳው ልጅ የበዛበትን ቤት ነበር፤ የሚያፈሰው ቧንቧ ግን ከራሱ መታጠቢያ ቤት ተገኘ።

«የበዛው መቼ ነው?» አለች።

«ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት፣ አስር ሰዓት።»

«በዛ ሰዓት መታወቂያ የሚፈልግ ማነው?»

ይሳቅ እንደገና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አሁን ፊቱ ተለወጠ፤ የሚያናድድ ነገር ግን ደግሞ ደስ የሚል ነገር ያገኘ ሰው ፊት። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት፤ ቀይ መስመር ተራራ ሠርቶ ወጥቷል፣ ከስሩ ትንሽ ሰማያዊ ጉብታ አለች። ጉብታዋ ሰው ናት አለ፤ ስሙን የሚፈልግ፣ ቀን ቀን የሚመጣ። ተራራው ግን ሰው አይደለም። በኢንተርኔት እየዞሩ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ የሚያነቡ ማሽኖች ናቸው። የሰው ቋንቋ እንዲለምዱ ነው የሚልኳቸው፤ የተጻፈ ነገር የትም ይሁን የት ይገቡበታል።

«ማንበብ እየተማሩ ነው?»

«እንደዛ በይው።»

«ከጠፋ ሰው ስም?»

«ካገኙት ነገር ሁሉ።»

ሃሊሞም ከዚያው ነው የተማረችው፣ ከዚያው ቆርቆሮ። ለሚማር ሰው በር መዝጋት ደግሞ ነውር አይደለም? ይህን ለይሳቅ አለችው። እሱ ጭንቅላቱን አከከ።

«ባንዴ መቶ ሆነው ነው የሚገቡት፣ እናቴ። አያስፈቅዱም።»

«ሳያንኳኩ?»

«ሳያንኳኩ። እናንተ ያላችሁበት የጋራ ማሽን ላይ ደግሞ በር ላይ ሰው ማቆም አትችሉም። በሩ የናንተ አይደለማ። ለዛ ነው ወደ ቪፒኤስ መውጣት ያለባችሁ።»

ካርቶኑን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው። የተከበበውን መስመር አየና ከንፈሩን ነከሰ። ይህ ለእነሱ ሰፊ ነው አለ፤ ያላቸው ሰማያዊዋ ጉብታ ብቻ ናት፣ ለእሷ ሁለቱ ጊጋ ይበቃታል። በር ላይ ማንም ሳይቆም ቤቱን ቢያሰፉ ተራራው ያንኑ ሞልቶ ይተኛበታል፤ «ራስን በራስ» ማለት በሩን ራሳቸው መጠበቅ ነው፣ «ጠባቂ ያለው» ላይ ግን የድርጅቱ ሠራተኞች ይቆሙበታል። ስድስት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ትንሽ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ስሞቹን ሁሉ ገለበጠላት፤ በስሟ የተመዘገበ ንብረት ነው፣ ለእሷ መስጠት ይችላል። ቀነ ገደቡን ግን ሊያራዝምላት አይችልም፤ እሱም እንደሷ መልእክት ነው የሚደርሰው። ፍላሹ ከተምር ፍሬ አይበልጥም። ሃሊሞ ትከሻዋ ላይ በጣለችው ጋርበሳር ጫፍ ቋጠረችው፣ ሁለት ጊዜ።

ስኳሩን አንሺ ሲላት አንዱን ከረጢት ብቻ አነሳች። «ሌላው ያንተ ነው። ደጃፉ ላይ የተገኘኸው ጎረቤት አንተ ነህ።»

«ለሻይ እንግዲህ» አለ ይሳቅ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ድሬ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት በእግሯ ተመለሰች። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳን አልነበረም። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰው ጋርበሳሯ ጫፍ ላይ አለ፤ በየሃያ እርምጃው ትዳብሰዋለች። ፍላሹን ይዛ ሱቋ ውስጥ ስለዋለች ከዘጠኝ ሰዓቱ ትምህርት ቀረች። ዛሬ ክፍል ገብታ ቢሆን ኖሮ አስተማሪዋን አንድ ነገር ትጠይቃት ነበር። መቶ ገጽ ባንዴ የሚያነብ ፍጡር ያነበበው ስም የማን እንደሆነ፣ ልጅቷ ቀጭን እንደሆነች፣ ነገ ጠዋት ፓርኩ በር ላይ እንደምትቆም ያውቃል? ካላወቀ ያነበበው ምኑን ነው? ምናልባት የጥያቄው ሞኝነት ለሌላው ሁሉ ግልጽ ነው፤ ለእሷ ግን ከግራም ከቀኝም ብታየው ያው ጥያቄ ነው።

ዊዳድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ ነገሩን ደጃፍ ላይ ከትርንጎ ሰምታለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ክፍሉ መሀል ቆመች።

«ስኳር ይዘሽ ሄድሽ?»

ሃሊሞ የጋርበሳሯን ጫፍ ያዘች።

«ሆዮ፣ የኮምፒውተር ሰዎች ጋ ስኳር ይዘሽ! ነገ እኔ እዛ ሰውዬ ፊት እንዴት ነው የምቀርበው?» ጀርባዋን ሰጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጋውኗ ላይ የክር ቁራጭ ተለጥፏል፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስትፈትሽ ነው የዋለችው። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሃሊሞ የጋርበሳሯን ጫፍ ፈትታ ፍላሹን ከልጅቷ ጭን አጠገብ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው።

«ስሞቹ ናቸው» አለች። «ደግሞ ማንም አላማረረም።»

ዊዳድ ቀስ ብላ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«አንድም ሰው አላማረረም። መዝገቡን አይቶ ነው የነገረኝ። ለሁሉም የሚሉት ነው።»

«ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገመችላት። የልጅቷ ትከሻ ወረደ፤ ሃሊሞ ያን ጊዜ ብቻ ገባት። ልጅቷ ሰርቪሱ ላይ፣ የስፌት መስመሩ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ሦስት መቶ የማታውቃቸው ሰዎች ሲረግሟት ነው የዋለችው። እናትና ልጅ ከንጋት ጀምሮ አንድ ነውር ለየብቻ ተሸክመው ነበር። ሃሊሞ ስለ ተራራውና ስለ ጉብታዋ፣ ሳያንኳኩ ስለሚገቡት ነገረቻት። ዊዳድ እያቋረጠች ጠየቀቻት፣ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ፍላሹን ሰካች፣ ካርቶኑን አነሳች።

«ትልቁን ወስጄ በሩን ራሴ እጠብቃለሁ። ራሴ ብሠራው ነው የምማረው።»

«የሚመጡት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው አለ። አንቺ አስራ አንድ ላይ ትነሻለሽ። መቼ ልትተኚ ነው?»

«ሆዮ፣ አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም» አለች ሃሊሞ። «ጊጋው አይገባኝም። ሌሊት ስትስዪ ግን ይሰማኛል።»

ዊዳድ ካርቶኑ ላይ ያለውን ክብ በአውራ ጣቷ አሸችው፤ አልጠፋም። ሦስተኛው መስመር ላይ ሌላ ክብ ከበበችና ለይሳቅ ደወለች። ትንሹን ነው የምንወስደው አለችው፣ ጠባቂ ያለውን። ይሳቅ እሺ አለ፤ ቤቱን ለመክፈት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ሠራተኞቹ ሌት ተቀን በሩ ላይ ናቸው፣ ግን አንድ ነገር ከእነሱ ይፈልጋል። በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ልክ ይነገረው፤ አንድ ጎብኚ በአስር ደቂቃ ስንት ገጽ ቢከፍት ሰው ነው፣ ስንት ቢከፍት ማሽን ነው? «የናንተን ሰዎች የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለ። «እናትሽን ጠይቂያት።» ዊዳድ ቀልዱን አልሳቀችበትም።

ያን ጊዜ ደሄቦ መጋረጃው አጠገብ ደረሰች፤ ትናንት ማታ ስሟን አይታ ገጹ እንደጠፋባት ለዊዳድ ነገረቻት። አስራ አንድ ተኩል ሆኗል። ዊዳድ ልጅቷን አየች፣ ላፕቶፑን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ትናንት የገባውን የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ወደ ሃሊሞ ገፋችው፣ በስልኳም ሰዓት መቁጠሪያ ከፈተች።

«አንብቢ።»

«እኔ?» ሃሊሞ እጇን ደብቃ ቆመች። «እሷ ቶሎ ታነበው የለም እንዴ? ደቂቃ ነው ያለን።»

«ወደዚህ ገጽ የሚመጡት ሹፌሮች ናቸው፣ ተሸካሚዎች ናቸው፣ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። እንዳንቺ ነው የሚያነቡት። ልኩን ከየት ላምጣው? አንብቢ፣ ሆዮ።»

ደሄቦ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስግጋ ነበር፤ ዊዳድ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። ሃሊሞ ተቀመጠች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ከስሙ ስር አደረገች። ገጹ ላይ አስራ ሁለት ስም አለ። የመጀመሪያው ፋርሂያ ነው፤ ፋ፣ ር፣ ሂ፣ ያ፤ መታወቂያ፤ ጅግጅጋ። ሁለተኛው ሚክዳድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ እዚሁ መጋላ። ሙስአብ ላይ ተደናቀፈች፣ ተመለሰች፣ ከፊደሉ እንደገና ተነሳች። ላቧ በቅንድቧ ወረደ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሬዲዮው እንኳን ወይ ቆሟል ወይ እሷ አትሰማውም። ስድስተኛው ማርያን። ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ደ። ሄ። ቦ። ደሄቦ ሙመድ። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት። ሐረር፤ የከሪም ሱቅ።

ደሄቦ ጮኸች። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወደ ዊዳድ ዘለለች፣ የከሪምን ስልክ ቁጥር ጠየቀች፣ ደወለች፤ አለ፣ እጄ ላይ ነው፣ አሁን በሚወጣ ሚኒባስ እልክልሻለሁ የሚል የወንድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ትርንጎ ጩኸቱን ሰምታ መጋረጃውን ገልጣ «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለች። ሃሊሞ ቀና አላለችም። ጣቷ ከሰባተኛው መስመር ስር ተነስቶ ወደ ስምንተኛው ወረደ።

«ዝም በሉ» አለች ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሳ፤ «አልጨረስኩም።»

ዝም አሉ። ስምንተኛውን አነበበች፣ ዘጠነኛውን፣ አስረኛውን። አስራ ሁለተኛው ቢታንያ ይላል፤ የመጨረሻዋን ፊደል ሁለት ጊዜ አለቻት፣ እንዳትሳሳት። ከዚያ ቀና አለች። ዊዳድ ስልኳን ነካች።

«ስንት ሆነ?»

«አስር ደቂቃ ከምናምን።»

«ብዙ ነው አይደል?» አለች ሃሊሞ። ደሄቦ ስሟን ብቻ ፈልጋ ብትሄድ ኖሮ አስር ሰከንድ አይፈጅባትም ነበር።

ዊዳድ ግን ለይሳቅ እየጻፈች ነበር። አንድ ሰው በአስር ደቂቃ አንድ ገጽ፤ ለሚቸኩል ሃያ እጥፍ ይፈቀድለት፤ ከዚያ በላይ የሚሮጠው ሰው አይደለም፣ አይግባ። ላከችው። አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አስራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ልክ ነው፣ ሆዮ» አለች። «የሰው ነው።»

ሃሊሞ የልጅቷን ፊት አየች፤ ሹፈት እንደሌለበት ለማወቅ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ስር ያለውን አንዱን ኪሎ ስኳር አወጣችና እጇ ላይ ያዘችው።

«አዲሱ ቤትም ጎረቤት አለው?»

«አለው። ግን መሀሉ ግድግዳ ነው። አንጋጭም።»

ሃሊሞ ስኳሩን ወደ ሱቅ አልመለሰችውም። መደርደሪያው ላይ፣ ከብስኩቱ ቆርቆሮ አጠገብ ለብቻው አኖረችው። ግድግዳ ያለበት ቤት ስኳር አያስፈልገው ይሆናል፤ እሷ እርግጠኛ አይደለችም። ወንበሯን ወደ ላፕቶፑ ሳበች።

«የሚቀጥለውን ገጽ ክፈቺልኝ» አለች።